ፀሐይ ላይ የቆሙ ታንኳዎች

ታንኳው ሰጠመ። አፍንጫውን ውኃ ውስጥ ቀበረ፣ ጅራቱን ወደ ሰማይ አነሣ፣ የተሸከመውን ማገዶ በሙሉ ገለበጠው። አምባቸው የሚባል የዘጌ ሰው ከማገዶው ጋር ወረደ፤ አልወጣም። እህቱ ሙሉነሽ አንድ እስር እንጨት ታቅፋ ተረፈች። ይህ የሆነው በሚያዝያ 2009 ዓ.ም.፣ በአንድ የቅዳሜ ገበያ ጠዋት፣ ጣና ለጥ ብሎ ተኝቶ ሳለ ነው። ነፋስ አልነበረም፤ ማዕበልም አልነበረም። የሚሳበብበት ነገር ጠፋ።

ሱንዱስ ሙሀመድአወል ወሬውን የሰማችው ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ ነው። ሾፌሩ ስልኩን መሪው ላይ አስደግፎ ከጓደኛው ጋር እየጮኸ ያወራል።

«ያ የኃይላንድ ታንኳ የለም? ሰው ይዞ ገባ!»

«የቱ? አይሰጥምም የተባለው?»

«እሱው! አይሰጥምም የተባለው!»

ሁለቱም ሳቁ። ክፋት አልነበረውም፤ ሰው ደንግጦ የሚስቀው ሳቅ ነበር።

«አውርደኝ» አለች ሱንዱስ።

«ገና አልደረስን እኮ፣ እህቴ።»

«አውርደኝ አልሁህ!»

ሒሳቡን ወንበሩ ላይ ወርውራ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ሮጠች። የእንጨት ተራ ሰው ሁሉ ዳር ላይ ተኮልኩሏል። ሁለት የሞተር ጀልባዎች ራቅ ብለው ይዞራሉ፤ አምባቸውን ይፈልጋሉ። ሦስተኛው ጀልባ የሰጠመውን ታንኳ በገመድ እየጎተተ ወደ ዳር ይመጣል። ከውኃው በላይ የሚታየው ጅራቱ ብቻ ነው፤ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ትልቅ ዓሣ ጅራት።

ታንኳውን የፈለሰፈው ታላቅ ወንድሟ ሙሐዲን ነው። በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ያስተምራል፤ ከተማው ግን ማዕረጉን ሳይጠይቅ «ኢንጂነር» ብሎ ሰይሞታል። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ደንገል ከሐይቁ ዳር እያለቀ ነው፤ ከደንገል የሚታሰር ታንኳም ወራት ሳይቆጥር ይበሰብሳል። ባዶ የኃይላንድ ጠርሙስ ግን በየቦዩ ሞልቷል። ሙሐዲን ጠርሙሱን አጠበ፣ ክዳኑን አጥብቆ ዘጋ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ እንደ ደንገል ደርድሮ ሰፋው፣ ውኃ እንዳያስገባ ላዩን ሬንጅ ቀባው። ሱንዱስ ኬሚስትሪ ተምራ ሥራ ስታጣ እሱ ዘንድ ገባች። ሬንጁን ያቀለጠችው፣ ክዳኑን የፈተነችው እሷ ናት። የሙከራው ታንኳ ክረምቱን ሙሉ ከሐይቁ ሳይወጣ ከረመ፤ ጠብታ ውኃ አላስገባም። ከዚያ በኋላ ለዘጌ ማገዶ ነጋዴዎች በነፃ ታደለ። ትልቅ ባነር ተሰቀለ። በባነሩ ላይ «የማይበሰብስ፣ የማይሰጥም» የሚል ተጽፎ ነበር።

ሰዎች ታንኳውን ተጋግዘው ወደ ደረቅ አወጡት። ሱንዱስ ከዓሣ ሻጮቹ አንዷን ቢላዋ ለምና ጆንያውን ከጅራቱ ጀምራ ቀደደችው።

«ምን ታደርጊያለሽ? ማስረጃ ነው፣ ፖሊስ ይመጣል!» አለ አንድ ሰው።

«ፖሊስ ሬንጅ አያውቅም» አለችውና ቀጠለች።

ጅራቱ ውስጥ ያሉት ጠርሙሶች ክብ ናቸው፣ ድፍን፣ እንደ ከበሮ የተወጠሩ። አንዱን አውጥታ ክዳኑን ስትከፍተው አየሩ ፍስስ ብሎ ወጣ። ሆዱ አካባቢ ያሉት ትንሽ ተሰርጉደዋል። ወደ አፍንጫው ስትጠጋ እጇ ቆመ። እዚያ ጠርሙስ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁሉም እንደ ታኘከ ሸንኮራ ተጨማዶ፣ ተጣብቆ፣ ከጆንያው ጋር ተለጥፎ ተኝቷል። አንዳንዱ ግማሽ ድረስ ውኃ ይዟል። የአንዱም ክዳን አልወለቀም።

ሱንዱስ ተንበርክካ ቀረች። ተሰብሮ ቢሆን፣ ክዳኑ ወልቆ ቢሆን፣ አይጥ በልቶት ቢሆን ይገባት ነበር። ይህ ግን ሰው በእጁ አንድ በአንድ የጨመቀው ይመስላል። ያም ወደ ሰማይ ቀና ብሎ በተሠራው አፍንጫ ላይ ብቻ።

ወደ ሰማይ።

ቀና አለች። ከገበያተኛው ጀርባ፣ ከሾላው ዛፍ ወዲህ፣ ጠዋት ማገዶ አራግፈው የጨረሱት ሌሎቹ የፕላስቲክ ታንኳዎች በአንድ መስመር ቆመዋል። ቂጣቸው ሣር ውስጥ፣ አፍንጫቸው ወደ ላይ። ጥቁር ሬንጃቸው በፀሐይ ያልበዋል።

«ማን ነው ያቆማቸው?» አለች።

መልስ የሰጧት ጋሼ ሰላህ ናቸው። ደንገል ታንኳ በማሰር የሸበቱ ሰው ናቸው፤ አዲሱ ከመጣ ወዲህ ሥራቸው ቢቀንስም ከሐይቁ ዳር አልራቁም።

«ማን ያቆማቸዋል? እኛ ነን እንጂ።»

«ለምን?»

«ለምን ይባላል? ታንኳ ከውኃ ከወጣ ይቆማል፣ ይደርቃል። ሰው ከታጠበ ፎጣ እንደሚይዝ ማለት ነው።»

«ጋሼ ሰላህ፣ ይሄ እኮ ደንገል አይደለም!»

«ታንኳ አይደለም?»

ሱንዱስ ወደ ቆሙት ታንኳዎች ዞረች። ሄዳ የአንዱን አፍንጫ በመዳፏ ነካች፤ ወዲያው እጇን ሰበሰበች። ሬንጁ መዳፏ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ጆሮዋን ስታስጠጋ ከውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማች። ጠርሙሶቹ በሙቀት እየተነፉ ነበር። ሲሞቅ አየሩ ያብጣል፣ በክዳኑ ጥርስ እየሾለከ ይወጣል፤ ታንኳው ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ውስጥ የቀረው አየር ይኮማተራል፣ የለሰለሰውን ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ይስበዋል። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ምንም አይደለም። በየቀኑ ሲሆን ግን፣ ከሁሉ በላይ ፀሐይ የሚመታው አፍንጫ ቀስ በቀስ ይሞታል። እሷና ሙሐዲን የሙከራውን ታንኳ ክረምቱን በሙሉ አንድም ቀን ከውኃ አላወጡትም። ይህ ሕዝብ ደግሞ አንድም ቀን ታንኳውን ውኃ ላይ ጥሎ አድሮ አያውቅም።

ጋሼ ሰላህ አጠገቧ መጡ።

«ሰሞኑንማ አፍንጫው እየዘቀጠ እነ አምባቸውን አስቸግሯቸው ነበር። ውኃ ጠጥቷል አልን።»

«እና?»

«እናማ ውኃ የጠጣ ታንኳ ፀሐይ ይጨመርለታል። አምባቸው ትናንት መጥቶ ጠየቀኝ። ጨምርለት፣ ቀኑን ሙሉ ይቁም አልሁት።»

ሱንዱስ ፊታቸውን አየች፤ ሽማግሌው ገና አልገባቸውም። የተጨማደደውን ጠርሙስ እጃቸው ላይ አስቀምጣ፣ ሌላውን ድፍን ጠርሙስ ጎኑ አኑራ፣ ወደ ቆሙት ታንኳዎች ጠቆመች። ጋሼ ሰላህ ጠርሙሱን አገላበጡት፣ ወደ ፀሐይዋ አዩ፣ እንደገና ጠርሙሱን አዩ። ከዚያ ባሉበት ቁጭ አሉ።

«ኢንና ሊላህ…» አሉ። «እኔ ነኛ!»

«እርስዎ አይደሉም። እኛ ነን ያልነገርናችሁ።»

«ፀሐይ ጨምርለት አልሁት እኮ።»



ሱንዱስ ለኀዘን ጊዜ አልነበራትም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፤ በዚህ ወር አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። ባለታንኳዎቹ ሸቀጣቸውን ጭነው ወደ ዘጌ የሚመለሱት ያን ጊዜ ነው። ዛሬ ደግሞ ከመመለሳቸው በፊት በሐይቁ ላይ የታንኳ ሰልፍ አለባቸው፤ ለፈጠራ አውደ ርዕይ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች የታንኳውን ጉዞ ከዳር ሆነው ሊያዩ ነው። ጥላ ሥር ወደተቀመጡት ባለታንኳዎች ሄደች።

«ስሙኝ! እነዚህ ታንኳዎች ላይ ዛሬ ማንም እንዳይሳፈር። ሁሉም አፍንጫቸው ተበላሽቷል።»

አንዱ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ ቀና አለ።

«ታንኳውን የሰጣችሁን ዕለት በማይክ አይሰጥምም ያልሽን አንች አይደለሽ?»

«ነኝ።»

«ዛሬ ደግሞ ይሰጥማል ትያለሽ። ነገ ይበራል ብትይንስ?»

ሳቁ።

«እሷ ምን ታድርግ» አለ ሌላው፣ «አምባቸው ነው አብዝቶ የጫነ። ስስት ነው የገደለው። ደግሞ ከሰልፉ የቀረ ታንኳውን ይመልሳል ተብለናል። አሮጌውን ደንገል ለማገዶ አፍርሰነዋል፣ ይሄን ከመለስን በምን ልንነግድ ነው? ኢንጂነሩ ራሱ ይምጣና ቁሙ ይበለን፣ እንቆማለን።»

ከእነሱ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ውኃ የሚያንጠባጥብ ቀሚሷን እንደለበሰች፣ ሙሉነሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ዓይኗ ከሚዞሩት ጀልባዎች ላይ አይነሣም። ሴቶች ነጠላ ሊደርቡላት ቢሞክሩም በክርኗ ትገፋቸዋለች። የተባለውን ሁሉ ሰምታለች።

«አንች የኢንጂነሩ እህት ነሽ?» አለቻት ሱንዱስን።

«ነኝ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አብዝተን ጫንን እንዴ? ዛሬ ሁለት እስር ጨምር ያልሁት እኔ ነኝ። እሱ ይበቃል ብሎኝ ነበር።»

«አላበዛችሁም። ታንኳው ከዚያ እጥፍ ይችል ነበር፤ ቀድሞ ተበላሽቶ ነው። ባዶውንም ቢሆን ነፋስ ቢያገኘው ይሰጥም ነበር።»

ሙሉነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከሐይቁ አነሣች።

«ይሄን ለሰዉ ንገሪልኝ። ወንድሜን ስስታም እያሉ አይቅበሩት።»

ሱንዱስ የተጨማደዱትን ጠርሙሶች በፌስታል ሰብስባ ሄደች።

ወንድሟ ያለበት የአውደ ርዕዩ አዳራሽ ሩቅ አይደለም። በዚያ ዓመት ባሕር ዳር ላይ ሰው ሁሉ ፈጣሪ ሆኖ ነበር፤ የፈጠራ አውደ ርዕዩ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቷል። ከሐሙሲት የመጣ ሰው ለአህያ የሚታሰር የኋላ መብራት ሠርቷል፤ የሞከረባት አህያ ብልጭታውን ፈርታ ረግጣው በምርኩዝ ቆሟል፣ ፈጠራውን ግን ያሳያል። በፔዳል የሚሠራ የልብስ ማጠቢያ አለ፤ ልብሱን ያጥባል፣ ቁልፉን በሙሉ ይበጥሳል። በፀሐይ የሚሽከረከር ማራገቢያ የተተከለበት ባርኔጣም አለ፤ ረዥም ፀጉር ያላት ሴት እንዳትሞክረው ተብሎ ተጽፎበታል። የማንም መሣሪያ በአንድ ዓመት ውስጥ ከዚህ አዳራሽ አልፎ ገበያ አልወጣም። ወጥቶ ሰው እጅ የገባው የሙሐዲን ብቻ ነበር። ለዚህ ነው የፊተኛውን ቦታ የሰጡት።

ሙሐዲንን ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ክፍል አገኘችው። አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ክራቫቱ ጠቦታል። አጠገቡ አውደ ርዕዩን ያዘጋጀው ቢሮ ምክትል ኃላፊ አቶ ግሩም ስልክ እየጎረጎሩ ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ ሰልፉን የሚያስጀምርበት የእጅ ድምፅ ማጉያ ተቀምጧል።

«ሰምተናል፣ ሰምተናል» አሉ አቶ ግሩም ሱንዱስ አፏን ሳትከፍት። «በጣም ያሳዝናል። ከአቅም በላይ ጭነው ነው። በንግግሩም ላይ የሕሊና ጸሎት አስገብተናል።»

 ሱንዱስ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

ሙሐዲን አንዱን አነሣ። ገለበጠው። ክዳኑን በጣቱ ነካ፣ የተሰረጎደውን ሆድ ዳበሰ፣ ከዚያ መዳፏ ላይ የተለጠፈውን ሬንጅ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ማንም ምንም ሳያስረዳው ሁሉም ነገር ገባው፤ ሱንዱስ ይህን በግልጽ አየች።

«ያቆሟቸዋል?» አለ በሹክሹክታ።

«በየቀኑ።»

«ሬንጁን ጥቁር…» አለና ተወው።

«ምንድን ነው?» አሉ አቶ ግሩም። «ችግር አለ?»

ሱንዱስ ወንድሟን ጠበቀች። 

«የለም» አለ ሙሐዲን። «ምንም የለም፣ አቶ ግሩም። እርስዎ እንግዶቹን ይቀበሏቸው። እመጣለሁ።»

አቶ ግሩም ሰዓታቸውን አይተው ወጡ። ሱንዱስ የሰማችውን ማመን አቃታት። ይህ ሰው አንድ ብሎን ላልቶ እንደሆነ ብሎ ከመኝታው ተነሥቶ ወርክሾፕ የሚመለስ ሰው ነበር።

«ምንም የለም?» አለች።

«ዛሬ ብቻ፣ ሱንዱስ። ነገ ሁሉንም እሰበስባቸዋለሁ። ነጭ ቀለም እንቀባቸዋለን። ጥላ እንሠራላቸዋለን። መፍትሔው ቀላል ነው።»

«ነፋሱ ዛሬ ነው የሚነሣው።»

«ሰልፉ ዳር ዳሩን ነው።»

«ከሰልፉ በኋላ ቤታቸው አይገቡም? እህላቸውን ጭነው በየት ነው የሚሄዱት? በአየር?»

«እኔ ራሴ ፊተኛው ላይ እቀመጣለሁ!» ብሎ ጮኸ። «በእነሱ የመጣ በእኔ ይምጣ! ከዚህ በላይ ምን ልሁን?»

ሱንዱስ ደነገጠች። የሚያስፈራራ መስሏት ነበር፤ ዓይኑን ስታይ ግን ከልቡ ነው። እንግዶች ፊት ቆሞ ተሳስቻለሁ ከማለት አብሮ መስጠም ይሻለው ነበር።

«አንተ ዋና ትችላለህ» አለችው። «አምባቸው አይችልም ነበር። ያ ጥላ ሥር የተቀመጠው ሰው ሁሉ ይችል አይችል አልጠየቅሃቸውም።»

ሙሐዲን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ድምፁ ወረደ።

«ስንት ዓመት ሳቁብኝ? ቦይ ለቦይ ስዞር ‹ቆራሌው› ይሉኝ ነበር፣ ታስታውሻለሽ? እማማ እንኳ በር ላይ ጠርሙስ ስታይ ሰው ሳያያት ትደብቀው ነበር። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራሁትን ነገር ሰው ተሳፈረበት። ለመጀመሪያ ጊዜ!»

«አየሁት የተሳፈረበትን።»

«አንች ልብ የለሽም።»

«አምባቸው እስካሁን አልተገኘም፣ ሙሐዲን። ሐይቁ ውስጥ ነው። ስለ ልብ በኋላ እንነጋገራለን።»

ከአዳራሹ የአቶ ግሩም ድምፅ በትልቁ ማጉያ መጣ። ክቡራን እንግዶች፣ ክቡራትና ክቡራን፣ አሁን ወደ ሐይቁ ዳርቻ እናመራለን እያሉ ነው። ጭብጨባ ተከተለ፤ ወንበሮች ተጎተቱ። የክፍሏ መጋረጃ መወዛወዝ ጀመረ። ሁለቱም አዩት። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ነበር።

«እህቱ አንድ ነገር ጠይቃኛለች» አለች ሱንዱስ። «አብዝተን ጫንን እንዴ ብላ። ሁለት እስር ያስጨመርሁት እኔ ነኝ ትላለች። ሰዉ ወንድሟን ስስታም ይለዋል፣ እሷ ደግሞ ገዳዩ እኔ ነኝ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ከአንተ መስማት እፈልጋለሁ። ምን ልበላት?»

ሙሐዲን የተጨማደደውን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። አልቆም አለ፤ ተንጋደደ። እንደገና አቆመው። ሱንዱስ ጠበቀች። አንድ ቃል ቢናገር፣ የትኛውንም ትክክለኛ ቃል፣ አብራው ወጥታ ከጎኑ ትቆም ነበር፤ ለዚያ ዝግጁ ነበረች።

«አብዝታችኋል በያት» አለ፣ ቀና ሳይል። «ለዛሬ ብቻ።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ሁሉ ተመጥጦ የወጣ መሰላት። ከዚህ ሰው ጋር አንድ ማዕድ በልታ አድጋለች፤ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው። አየችው። ጥሩ የተተኮሰ ኮሌታ፣ ላብ፣ ጠማማ ክራቫት። ሌላ ምንም አላየችም።

እጇን ዘርግታ ድምፅ ማጉያውን አነሣች።

ሙሐዲን ብድግ አለ። «ወዴት ነው? አንችን አይሰሙሽም። ብትነግሪያቸው ይስቁብሻል። እኔ ካልተናገርሁ ማንም አይቆምልሽም!»

«እኔ አልናገርም» አለች። «ሙሉነሽ ትናገራለች። እሷን ይሰሟታል።»

«ሱንዱስ!»

ወጣች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።